ባሕር ያላየ ልጅ ስለ ባሕር ምን ይማር?

ሰኔ 1 የዓለም የውቅያኖስ ቀን ነው። ደብረ ብርሃን ውስጥ ይህን የሚያውቅ ሰው ፈልጎ ማግኘት ይከብዳል፤ አይፈረድበትምም። ሰኔ 1 እኛ ዘንድ የክረምት መግቢያ ነው። ተማሪው ፈተና ላይ ነው፣ ገበሬው እርሻ ላይ። በዚያው ሰሞን የሚጥለው ከባድ ዝናብ ደግሞ በጋውን ሙሉ በየቦዩ የተጠራቀመውን ፌስታል፣ የሃይላንድ ጠርሙስ፣ የተበጠሰ ኮንጎ ጫማ ሁሉ ጠራርጎ በሬሳ በሚባለው ወንዛችን ውስጥ ይጨምረዋል። ቀኑ ከኛ ዝናብ ጋር የገጠመው እንዲያው በአጋጣሚ ነው። ለአስተማሪ ግን ከዚህ የበለጠ የሚመች ቀን አይገኝም።

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ አገሩ ሁሉ ስለ ባሕር በር ያወራል። ታክሲ ውስጥ፣ ጠጅ ቤት፣ ቴሌቪዥን ላይ፣ ፌስቡክ ላይ። ኤርትራ እ.ኤ.አ. በ1993 ነጻነቷን ካወጀች ወዲህ ኢትዮጵያ የባሕር ጠረፍ የላትም፤ ባሕር አልባ ከሆኑት የዓለም አገሮችም በሕዝብ ብዛት የሚስተካከላት የለም። ስለዚህ ወሬው ለምን እንደበዛ ይገባኛል። እኔን የሚያሳስበኝ ስለ በሩ ይህን ያህል እያወራን ስለ ባሕሩ ራሱ ዝም ማለታችን ነው። ውስጡ ምን ይኖራል? ምን እየሆነ ነው? ለኛስ ምን ያደርግልናል? ልጆቻችን ባሕርን የሚያውቁት መርከብ የሚቆምበት ቦታ አድርገው ብቻ ነው።

ሰሜን ሸዋ ውስጥ ያለ ልጅ ስለ ውቅያኖስ መማር አለበት ወይ ካላችሁኝ፣ አዎ አለበት። ውቅያኖሱ በየዓመቱ እዚህ ይመጣል። ከዚህም ተመልሶ ይሄዳል።

ይመጣል ስል ዝናቡን ነው። ለመንዝ፣ ለጣርማበርና ለአንኮበር ደጋ ገበሬ በልግ ምን ማለት እንደሆነ ማንም አይነግረውም። በልጉ ሲቀር ገብሱ የለም። ያ የበልግ እርጥበት በአብዛኛው የሚነሳው ከሕንድ ውቅያኖስ ነው። በ2008 ዓ.ም. የደረሰውን ድርቅ አስታውሱ፤ 10.2 ሚሊዮን ሕዝብ ዕርዳታ ጠባቂ ሆኖ ነበር። ከጀርባው የነበረው ኤልኒኖ ነው። ኤልኒኖ ደግሞ ከኛ በብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር በሚርቀው የፓስፊክ ውቅያኖስ፣ በምድር ወገብ አካባቢ፣ የላይኛው ውሃ ከልክ በላይ ሲሞቅ የሚመጣ ነገር ነው። ገበሬው ኤልኒኖ የሚለውን ስም ከግብርና ባለሙያ ሰምቶ ያውቀዋል። ልጁም ፓስፊክ የሚባል ትልቅ ውሃ እንዳለ በጂኦግራፊ ተምሯል። ልጁ የተማረው ፓስፊክና አባቱ ያጣው ገብስ አንድ ታሪክ መሆናቸውን ግን ለሁለቱም የነገራቸው የለም። የአየር ንብረት ለውጥ ምድር ላይ ካስቀረው ትርፍ ሙቀት ከ90 በመቶ በላይ የዋጠው ውቅያኖስ መሆኑንም፣ በምድር ላይ ከሚመረተው ኦክስጅን ግማሽ ያህሉ በዓይን ከማይታዩ የባሕር ዕፅዋት እንደሚመጣም እንዲሁ።

ይሄዳል ስል ደግሞ ወንዙን ነው። ጣርማበር ላይ ቁሙና ግራ ቀኙን ተመልከቱ። ወደ ደብረ ሲና የወረደው ውሃ ቁልቁል በሸዋ ሮቢት በኩል አዋሽ ይገባል። አዋሽ ባሕር አይደርስም፤ አፋር በረሃ ውስጥ፣ ጅቡቲ ድንበር ላይ፣ አቤ ሐይቅ ገብቶ እዚያው ያልቃል። ወደ ምዕራብ የወረደው ግን በበሬሳ፣ በሞፈር ውሃ፣ በወንጪት አድርጎ ጀማ ይገባል። ከጀማ ዓባይ፣ ከዓባይ ሜዲትራኒያን። የአንድ ቀን ዝናብ ሁለት ቦታ ተከፍሎ፣ አንዱ በረሃ ላይ ሲቀር ሌላው ባሕር ድረስ ይጓዛል። ይህን ለማስተማር ቪዲዮም ፕሮጀክተርም አያስፈልግም። ጠመኔና የክፍሉ ወለል ይበቃል።

የግብፅ ዴልታ ከኢትዮጵያ ደጋ በታጠበ አፈር እንደተሠራ ሁሉም ያውቃል፣ ተዘፍኖበታልም። ብዙ ሰው የማያውቀው አፈሩ ባሕር ከገባ በኋላ የሚሆነውን ነው። የክረምቱ ጎርፍ ይዞት የሚሄደው ለም ነገር ከዴልታው ፊት ለፊት ያለውን የባሕር ውሃ ያዳብረው ነበር። ጥቃቅኖቹ ዕፅዋት ይፈላሉ፣ እነሱን ፍለጋ ሰርዲን ይመጣል፣ የግብፅ ዓሣ አጥማጆችም ያንን ወቅት ዓመቱን ሙሉ ይጠብቁታል። ከዚያ የአስዋን ከፍተኛ ግድብ ጎርፉን ያዘው። እ.ኤ.አ. በ1962 ወደ 18 ሺህ ቶን የነበረው የሰርዲን ምርት አሥር ዓመት ሳይሞላ ከ1 ሺህ ቶን በታች ወረደ። አንድ የመንዝ ልጅ ይህን ሲሰማ ምን እንደሚሰማው አስቡት። ከአያቱ ማሳ የታጠበው አፈር ሜዲትራኒያን ውስጥ ዓሣ ይቀልብ ነበር! ከዚህ በኋላ ስለ እርከን ሥራ፣ ስለ አፈር መሸርሸር ብትነግሩት ጆሮ ይሰጣችኋል። ደግሞም ጥያቄው ቀላል እንዳልሆነ ራሱ ያየዋል፤ እዚህ የኛን ማሳ ያራቆተው አፈር እዚያ ሕይወት ነበር።

አንድ ነገር ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። «በሬሳ ወንዝ ውስጥ የጣልከው ሃይላንድ ባሕር ገብቶ ኤሊ ያንቃል» ብሎ ልጅን ማስደንገጥ ቀላል ነው። ብዙ የአካባቢ ጥበቃ ትምህርትም የሚሄደው በዚህ መንገድ ነው። ሙሉ እውነት ግን አይደለም። ከጀማ ሸለቆ እስከ ሜዲትራኒያን ባለው መንገድ ላይ ግድቡ ብዙ ነው፤ ሕዳሴ አለ፣ ሮዜሬስ አለ፣ ሴናር አለ፣ መረዌ አለ፣ አስዋን አለ። ያ ጠርሙስ ከነክዳኑ ይህን ሁሉ የማለፍ ዕድሉ በጣም ትንሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ ጥናት ናይልን ፕላስቲክ በብዛት ወደ ባሕር ከሚያስገቡ 10 ወንዞች አንዱ ስላደረገው ወሬው በዓለም ዙሪያ ተሰራጭቶ ነበር። በ2021 የወጣው ሌላ ጥናት ደግሞ ነገሩን አረመው። ከወንዝ ወደ ባሕር ከሚገባው ፕላስቲክ 80 በመቶው ከ1,000 በላይ ከሚሆኑ ወንዞች እንደሚመጣ፣ ከነዚህም ብዙዎቹ ባሕር ዳርቻ ያለ ከተማ መሐል የሚያልፉ ትንንሽ ወንዞች እንደሆኑ አሳየ። ልጅ የሰማው ነገር ውሸት ሆኖ ሲያገኘው እውነቱንም ይጥለዋል። ስለዚህ እንደ አካሄዱ እንንገረው።

ታዲያ ጠርሙሱ የት ገባ? አብዛኛው እዚሁ ነው። ፀሐይና ድንጋይ ያደቁታል። ደቃቁ አፈር ውስጥ ይገባል፣ ውሃ ውስጥ ይገባል፣ ዓሣ ሆድ ውስጥ ይገባል። የሕዳሴ ግድብ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ይይዛል፤ ከሰሜን ሸዋ ምዕራባዊ ገጽ ታጥቦ የሚወርደው ሁሉ ጉዞው ሳይቋረጥ ከቀጠለ መጀመሪያ የሚያርፈው እዚያ ነው። ግድቡ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅ የጨፈሩት ተማሪዎች ውስጥ ከቁርስ ሳንቲማቸው ቀንሰው ያዋጡ አሉ። «ያ ያዋጣህበት ውሃ ውስጥ ምን እየከተትን ነው?» የሚለው ጥያቄ ከሩቁ ኤሊ ይልቅ እነሱን ይነካል።

ሌላም የሚያስገርም ነገር አለ። ሰሜን ሸዋ ራሱ ባሕር ነበር። ወደ መርሐቤቴ ስትወርዱ በጀማ ገደል ላይ ተነባብሮ የምታዩት ነጣ ያለ የኖራ ድንጋይ የጥንት ባሕር ወለል ነው። በጁራሲክ ዘመን፣ ከ150 ሚሊዮን ዓመት በፊት፣ ባሕሩ ይህን አገር ሸፍኖት ነበር። ዛጎል ያላቸው እንስሳትና ድንጋይ መሰል ቤት የሚሠሩ፣ ኮራል የሚባሉ ጥቃቅን የባሕር ፍጥረታት እየሞቱ፣ እየተደራረቡ፣ እየጠጠሩ ያ ድንጋይ ተሠራ። የዛጎል ቅርጽ ያለበት ቁራጭ ድንጋይ አንድ ክፍል ውስጥ ከእጅ ወደ እጅ ቢዞር፣ እያንዳንዱ ልጅ በጣቱ ዳስሶ በእርሳስ ቢስለው፣ ያ ክፍለ ጊዜ ከአንድ ወር ማስታወሻ ይበልጣል ባይ ነኝ።

ሥነ ጥበብ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው። መስመር ለመሳል ማየት ግድ ነው። ልጁ ዛጎሉን ሲስል ጎድጓዳው የት እንደሆነ፣ ስንት ሸንተረር እንዳለው፣ የቱ ጋ እንደተሰበረ ያያል። ሲገለብጥ ግን አያይም። ብላክቦርድ ላይ የተጻፈ ይገለበጣል፣ ይሸመደዳል፣ ከፈተና በኋላ ይረሳል።

የኛ ልጅ ባሕርን ጨርሶ አያውቅም ማለትም ልክ አይሆንም። ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ሙሴ ባሕሩን ሲከፍል፣ የፈርዖን ፈረሶችና ሠራዊት ሲሰጥሙ እያየ ነው ያደገው። በጾመ ነነዌ የዮናስን ታሪክ ይሰማል፤ በዓሣ አንበሪ ሆድ ሦስት ቀንና ሦስት ሌሊት። የሸዋ ሮቢትና የአጣዬ ሙስሊም ልጅ ደግሞ የነቢዩ ባልደረቦች ቀይ ባሕርን ተሻግረው ሐበሻ ምድር እንደገቡ ከአያቱ ሰምቷል። ባሕሩ በሁለቱም ቤት አለ፣ ያውም ቀይ ባሕር። እንግዲህ አስተማሪው ከዚያ ይጀምር። የግድግዳው ስዕል ላይ ባሕሩ ሞገድ ሞገድ እየሆነ ይሠራል፣ በሞገዱ መሐል አንድ ሁለት ዓሣ ብቅ ይላል። ከሥሩስ ምን አለ? ልጆቹ ይቀጥሉት። ከሥሩ ኮራል አለ። የኮራል ድንጋዮች ከባሕር ወለል 1 በመቶ እንኳ አይሸፍኑም፤ ሆኖም ከባሕር ፍጥረታት ሩብ ያህሉ በሕይወቱ አንድ ወቅት በነሱ ይጠለላል። ውሃው ሲሞቅ ኮራል ነጥቶ ይሞታል። የሰሜኑ ቀይ ባሕር ኮራል ግን ከሌሎቹ የበለጠ ሙቀት የመቋቋም ጠባይ ስላለው የዓለም ተመራማሪዎች ዓይን እሱ ላይ ነው። ሙሴ በተሻገረበት ባሕር ማለት ነው። ይህን የሚስል ልጅ ቀለሙን እያሰበ ይመርጣል፤ የቱ ጤነኛ፣ የቱ የነጣ እንደሆነ ለይቶ።

ስዕል ለዚህ አገር እንግዳ አይደለም። የዓለም ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ የተወለዱት አንኮበር ነው። ችግሩ ትምህርት ቤት ውስጥ ስዕል የሚፈለገው ለበዓል ብቻ መሆኑ ነው። የአካባቢ ቀን ሲመጣ ባነር ይታተማል፣ ቲሸርት ይለበሳል፣ መፈክር ያለበት አጭር ድራማ ይቀርባል፣ ሃላፊ ንግግር ያደርጋል፣ በማግስቱ ነገሩ ያበቃል። አንድ የትምህርት ቤት ክበብ የለጠፋቸውን ስዕሎች አይቻለሁ። አፍንጫዋ ውስጥ የመጠጥ ቱቦ የተሰካ ኤሊ፣ ሁለት ሦስት ቦታ፣ አንዱ የሌላው ግልባጭ። ከስልክ ላይ የተቀዳ መሆኑ ያስታውቃል። ልጆቹ ጎበዞች ናቸው፤ እጃቸው ይሠራል። ያቺን ኤሊ ግን አንዳቸውም አላዩዋትም።

ያዩት ሌላ ነው። በበዓል በግ ታርዶ ጨጓራው ሲከፈት የሚወጣውን ፌስታል አይተዋል። ከሣሩ ጋር ተቋጥሮ፣ አረንጓዴ ሆኖ፣ አንዳንዴ ከገመድ ጋር ተጠቅልሎ ይወጣል። እናት «እሰይ፣ ሳይሞት ደረስንለት» ትላለች፣ ይጣላል። የኛ ኤሊ እሱ በግ ነው። ልጁ ያንን ይሳል። ከስሩም ገበያው፣ ቦዩ፣ ግጦሹ፣ ጨጓራው፣ እያለ መንገዱን ይሳል። ከዚያ ባሕር ውስጥ ያለው ዓሣና ኤሊም ይኸው እየደረሰባቸው እንደሆነ ሲነገረው ያምናል፣ ምክንያቱም አይቶታል።

ከተጣለ ዕቃ ጥበብ መሥራትም ጥሩ ነው፣ አገባቡን ካወቁበት። ኬንያ ላሙ ላይ ፍሊፕፍሎፒ የምትባል ጀልባ ተሠርታለች። አካሏ በሙሉ ከተሰበሰበ ፕላስቲክ ነው፤ 10 ቶን ያህል ፕላስቲክ፣ ላይዋ ደግሞ 30 ሺህ ገደማ ያረጀ ነጠላ ጫማ። እ.ኤ.አ. በ2019 ከላሙ ተነስታ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዛ ዛንዚባር ደርሳለች፤ በየወደቡ እየቆመች ተማሪና ዓሣ አጥማጅ እያነጋገረች። ጀልባዋን የሠሩት የአካባቢው የጀልባ አናጢዎች ናቸው፣ ዳው በሚባለው በለመዱት የባሕላዊ ጀልባ ቅርጽ። ወደኛ ስንመለስ ኤልያስ ስሜ አለ፤ የተጣለ የኤሌክትሪክ ሽቦና የኮምፒውተር ዕቃ እየጠለፈ ትልልቅ ሥራዎች የሚሠራ፣ አዲስ አበባ ላይ ዞማ ሙዚየምን ከመስከረም አሰግድ ጋር ያቋቋመ ሰው። ሁለቱም የሚያስተምሩት ትዕግሥትና የእጅ ሙያ ነው። በትምህርት ቤቶቻችን የማየው የፕላስቲክ አበባ ግን ብዙ ጊዜ ዓመት ሳይሞላው ተመልሶ ቆሻሻ ይሆናል። ስለዚህ ከመሥራት በፊት መልቀምና መለየት ይቅደም። ከበሬሳ ዳር የተለቀመው በዓይነት በዓይነቱ ወለል ላይ ይደርደር። ልጆቹ ቶሎ አንድ ነገር ያስተውላሉ፤ የሃይላንድ ጠርሙስ ከፌስታል ያነሰ ነው። ለምን? ጠርሙሱን ቆራሌው ይገዛዋል፣ ፌስታሉን የሚገዛው የለም። ይኸው ኢኮኖሚክስም ተማሩ።

ከሁሉም የምወደው ሐሳብ የሱፉ ነው። መንዝ የበግ ሱፍ አገር ነው፤ በርኖሱ፣ ዝተቱ፣ ባናው። ባሕር ውስጥ ከሚገባው ደቃቅ ፕላስቲክ ትልቁ ድርሻ ደግሞ ከልብስ እንደሚመጣ ብዙ ሰው አያውቅም። ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው ግምት፣ ደቃቅ ሆኖ ከሚገባው ፕላስቲክ 35 በመቶው ሰው ሠራሽ ጨርቅ ሲታጠብ የሚረግፍ ክር ነው። ቅዳሜ በሬሳ ዳር ልብስ የሚታጠብበትን ቦታ አስቡ። ድሮ እዚያ ይታጠብ የነበረው ጥጥና ሱፍ ነው፤ የሚረግፈውም ይበሰብሳል። ዛሬ ፖሊስተር ነው። ልጆች ይህን በሽመና ሊማሩት ይችላሉ። ከአያቶቻቸው ሱፍ መፍተል ይማሩ፣ በትንሽ የእንጨት ፍሬም ላይ ወንዝ ይሽመኑ፤ ግማሹን በሱፍ፣ ግማሹን ተተርትሮ ከተጣለ ሰው ሠራሽ ብርድ ልብስ በወጣ ክርና በፌስታል ቅዳጅ። ከዚያ እንዲህ ካሉት ሁለት ሽመናዎች አንዱን ክፍል ውስጥ ይስቀሉት፣ ሌላውን መሬት ይቅበሩት።

ይህ ሁሉ የት ይግባ? አዲስ የትምህርት ዓይነት አያስፈልገውም። የመጀመሪያና መካከለኛ ደረጃ ሥርዓተ ትምህርት ውስጥ የክወናና የእይታ ጥበባት የሚባል ትምህርት አለ፤ ጎኑ ላይ የአካባቢ ሳይንስ አለ። ሁለቱ መምህራን ተነጋግረው አንድ ወር አብረው ቢሠሩ በቂ ነው። የጎደለው የመምህሩ ጊዜና ማበረታቻ ነው። የስዕል ክፍለ ጊዜ ለሒሳብ ማካካሻ የሚወሰድበት ትምህርት ቤት ብዙ ነው። በጸጥታው ችግር ትምህርት የተቋረጠባቸው ቀበሌዎች እንዳሉም አልዘነጋም። እዚያ የመጀመሪያው ጉዳይ በሩ መከፈቱ ነው፤ ስለ ውቅያኖስ ማውራት ከዚያ በኋላ ይመጣል። የተከፈቱት ግን ይጀምሩ።

ጊዜውም ያመቻል። በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ ፌስታልን ይከለክላል። ልጆች ገበያ ውስጥ ዘንቢል ሲመለስ በዓይናቸው ሊያዩ ነው፤ ካልተመለሰም ለምን ብለው ሊጠይቁ። በዓለም ደረጃ ፕላስቲክን የሚመለከት ስምምነት ላይ ለመድረስ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2025 ጄኔቫ ላይ የተደረገው ድርድር ያለ ውጤት ተበተነ። ከየትኛውም አገር ክልል ውጭ ያለውን ባሕር ለመጠበቅ የተደረገው ስምምነት ግን እ.ኤ.አ. በጥር 2026 ሥራ ላይ ውሏል። ያ ሰፊ ባሕር በዓለም ሕግ የሁሉም ነው፤ ወደብ የሌለው አገርም ድርሻ አለው። ይህንንም የባሕር በር ክርክር ሲሰማ ያደገ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ቢያውቀው ደስ ይለኛል።

መምህር ከሆናችሁ የሱፉን ሥራ ከመስከረም ጀምሩት። የሱፉንና የፌስታሉን ክር ጎን ለጎን፣ አንድ ክንድ ጥልቀት፣ እርጥበት በማይለየው የግቢው ጥግ ቅበሩ። በችካል ምልክት አድርጉ። የትምህርት ቤቱን ጥበቃም ንገሩት፣ ችግኝ ለመትከል ሲቆፈር እንዳይወጣ። ሰኔ 1 ልጆቹ ራሳቸው ቆፍረው ያውጡት፣ ከሁለቱ የትኛው እንደቀረ ይዩና ይሳሉት።